በጽሑፍ ያለ ይወረሳል… ከተከፈተ

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” የሚለውን ተረት ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ስንቴ እንደጠቀስኩት እንጃ። ተረቱን የተረቱት አባቶች ግን የሚያውቁት ብራና እንጂ ፍላሽ አልነበረም። ብራና ለማንበብ ፊደል መቁጠር ይበቃል፤ “የስንት ዓመተ ምሕረት ዎርድ ነው ያለህ?” ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በቅርቡ እዚሁ ሀዋሳ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት። በ1996 ዓ.ም. ገጠር ለገጠር ዞሮ ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰበውን ሥነ ቃል ሊያሳትም መምጣቱ ነው። ልጅቷ ፋይሉን ስትከፍተው የዶላር ምልክት፣ የተገለበጠ ጥያቄ ምልክትና ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ተዘረገፈ። “ጋሼ፣ ፎንቱ የለንም” አለችው። ወደ ኒያላ ለወጠችው፤ ያው ነው! ከእሱ ቀጥሎ የተከፈተው በሲዳሙ አፎ የተጻፈ ደብዳቤ ግን፣ የሚጻፍበት ፊደል ላቲን ነውና፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል ተነበበ።

“ሽማግሌዎቹን እንደገና መጠየቅ አይቻልም?” አልኩት።

“መምህር፣ አንዳቸውም በሕይወት የሉም።”

ፋይሉ የተነበበው ሦስተኛው ቤት፣ ጥግ ላይ አቧራ በጠጣ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ቆራሌው ቀድሞን ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሽማግሌዎች ሁለተኛ ሞቱ ማለት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ላቲኑን የኛን ልብስ አለበሱት እንጂ ኮምፒውተሩን አማርኛ አላስተማሩትም። ሆዱ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ሲጠፋ ልብሱ ይወልቃል። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ደግሞ ቢበዛ 256 ነው። የኛ ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ሲባዛ 231፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ገና ነው። ስለዚህ ሁሉም ሠሪ እንደመሰለው ደለደለ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው በድሮው ፓወር ግዕዝ አይነበብም ነበር።

ዩኒኮድ ለፊደላችን የጋራ ቁጥር የሰጠው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኒያላን ይዞ በቪስታ ለገበያ የወጣውም በ1999፣ በጥር ወር ነው። አንድ ዓመት እንዳይመስላችሁ! የመጀመሪያው የፈረንጅ፣ ሁለተኛው የኛ አቆጣጠር ነው፤ መሐሉ ከሰባት ዓመት ይበልጣል። ሠርጉ ላይ ሌላ እንግዳም መጣ። ከቪስታ ጋር የወጣው የ2007 ዎርድ አዲስ ዓይነት ፋይል ይዞ መጣና፣ የ2003ቱ ዎርድ ተጨማሪ ሶፍትዌር ካልተጫነለት አልከፍትም አለ። ፊደሉ ሲፈታ ከረጢቱ ተቋጠረ።

በእነዚያ ዓመታት ያልተተየበ ምን አለ? የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ውል፣ የዕድር መዝገብ… ስንቱ ዛሬ ፍላሽና ሲዲ ላይ ልብሱን አውልቆ ተኝቷል?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የድሮው ፎንት ያለበት ኮምፒውተር ሳይሞት ፋይሎቻችሁን ወደ ዩኒኮድ አስለውጡ። ለዋጩም ፊደል ሊስት፣ ነጥብ ሊበላ ይችላልና ወረቀቱ ካለ ጎን ለጎን አመሳክሩ። አዲስ የምትጽፉትንም ከሌላ ሰው ማሽን ላይ፣ ከሌላ ዓመት ዎርድ ጋር ከፍታችሁ እዩት፤ አንድ ቅጂ በፒዲኤፍ፣ አንድ ደግሞ በወረቀት አስቀምጡ። ከገዛ ኮምፒውተራችን ውጭ ያልተነበበ ጽሑፍ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ገና በቃል ያለ ነው።