ከይፋት ቆላ ወደ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት

ባለፉት ዓመታት በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ስፖርት ውድድራችን፣ ስለ ድራማ ክበባችንና ስለ ተመራቂ እኅቶቻችን ብዙ መልካም ጽሑፎች ወጥተዋል። ስለ ትምህርት ቤታችን ደንብ የጻፈ ግን እስካሁን አላየሁም። ደንብ በመስከረም ይነበባል፣ ይፈረምበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚታወሰው አንድ ነገር ሲከለክለን ብቻ ነው። በእኛ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነበረ። እኔ እዚህ የገባሁት እናቴ ደንቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነብባ ከሰማች በኋላ ነውና፣ አዘጋጆቹ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ ከዚህ ሌላ አሳብ አልመጣልኝም።

አገሬ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚያ መንገድ ያልሄዳችሁ ጓደኞቼ እንድታውቁት ያህል፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሣ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን ያወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ሹራቡን አውልቆ የሚቀመጥበት ጥላ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የእኛ ከተማ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መሬታችን የሮቢን ወንዝ ተጠግቶ በመስኖ ይለማል፤ ሽንኩርቱ፣ ትምባሆው፣ ማንጎውና ፓፓያው ከዚያ ነው። በዝናብ የሚዘራው ማሽላና ማሾ ነው። ማሾ የምትባለውን ትንሽ አረንጓዴ እህል እዚህ ብዙ ሰው አያውቃትም፤ እኔ ግን የትምህርት ቤት ክፍያዬ ከእርስዋ ስለሚወጣ አከብራታለሁ። ከእኛ ወደ ሰሜን እሑድ እሑድ በሚቆመው በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ እንደየቋንቋው ይገበያያል። ያደግሁትም ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ሠፈር ሆኖ በሠርግም በለቅሶም በሚገናኝበት አገር ነው።

በ2015 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ በቤታችን ብዙ ምክር ተደረገ። እዚያው ሸዋ ሮቢት ሁለተኛ ደረጃ ልግባ የሚል ነበረ። ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ልማር የሚልም ነበረ፤ ከገጠር ወጥተው በሶና ድርቆሽ በከረጢት ይዘው፣ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል እየተከራዩ እንዲህ የሚማሩ ብዙዎች ናቸው። አጎቴ ደግሞ በደሴ በኩል ወይዘሮ ስኂን አለ አለ። አባቴ ስሙን ሰምቶ የሴቶች ብቻ ትምህርት ቤት መስሎት ደስ ሊለው ነበረ፤ ስሙ የእመቤት ስም ይሁን እንጂ ወንዱም ሴቱም እንደሚማርበት ሲነገረው ሳቀ። የመጨረሻው መንገድ አዲስ አበባ ከአክስቴ ቤት ተቀምጬ በዚህ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት መማር ነበረ።

አባቴ የሚያስበው ስለ ፈተናው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ሆኑ በሬዲዮ ከሰማ ወዲህ ዕረፍት አልነበረውም። (በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ሆነ።) አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ መሆናቸውን ሲሰማ፣ «እንግዲህ ልጅ የምንልከው ሊማር ነው ወይስ ሊውል?» አለ።

አያቴ የምታስበው በሌላ በኩል ነው። በልጅነትዋ «መነን ትምህርት ቤት» ሲባል ሰምታ ነበረ። እቴጌ መነን በ1931 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስድስት ኪሎ አካባቢ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ተዘግቶ ከነፃነት በኋላ ተከፈተ። ኋላም በአርበኝነት ተጋድለው በኢጣሊያ አገር የታሰሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ መሩት፤ እኒያው ሴት በ1957 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ይህን ሁሉ እኔ በኋላ ከቤተ መጻሕፍት አገኘሁት እንጂ አያቴ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነበረ፤ «እዚያ የገባች ልጅ ሳታድግ አትዳርም ይባል ነበር» ትል ነበረ።

ይህ የአያቴ ቃል ዝም ብሎ የተነገረ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ለእኔ ሽማግሌ ሊልኩ ያሰቡ ሰዎች እንዳሉ ወሬው ደርሶናል። የቤተሰብ ሕጉ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ እኔ ገና 15 ዓመቴ ነበረ። አባቴ ሕጉን ያውቃል፤ ነገር ግን ጎረቤት ሆኖ የመጣን ሽማግሌ እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድም ያውቃል። «ልጅቱ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገብታለች» ማለት ግን ቀላል ነው፤ ማንንም አያስቀይምም።

እናቴ ዝም ብላ ሁሉን ስትሰማ ቆየች። በጠዋት ሽንኩርት የምትነቅለው፣ ማታ ታናሽ ወንድሜን የምታስተኛው፣ ደላላ ሲመጣ ኩንታሉን ቆጥራ የምትጽፈው እኔ ነበርሁ፤ እኔ ብሄድ ሥራው ሁሉ በእርስዋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ትከለክለኛለች ብዬ እፈራ ነበረ። እርስዋ ግን፣ «እኔም አብሬ ሄጄ ልየው፤ በሬ እንኳ ጥርሱ ሳይታይ አይገዛም» አለች።

በሰኔ መጨረሻ ሦስታችን ሄድን። የመግቢያ ፈተናዬን ስጨርስ ርእሰ መምህርትዋ የደንቡን ወረቀት ለአባቴ ሰጡት፤ ሁለት ገጽ ሆኖ በጥቃቅን ፊደል የታተመ ነው። አባቴ ብዕር አውጥቶ ሊፈርም ሲል እናቴ፣ «ቆይ፣ ልጅቱ ታንብብልኝ» አለች። እናቴ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። በር ላይ ሌሎች ወላጆች ይጠብቁ ነበረ፤ እኔም በጣም አፈርሁ። ርእሰ መምህርትዋ ግን ወንበር አስመጥተው፣ «ይቀመጡ፤ አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢ» አሉ።

አነበብሁ። በር የሚዘጋው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። ጠጉር ሹሩባ ይሠራል ወይም ወደ ኋላ ይታሰራል፤ ሰው ሠራሽ ጠጉርና የጥፍር ቀለም ክልክል ነው። ስልክ ወደ ግቢ አይገባም። ነጠላ በደንብ ልብስ ላይ አይደረብም። በር ላይ ከእንግዳ ጋር መቆም አይፈቀድም። ክፍል የሚጠረገው በተራ ነው። ከአምስት ቀን በላይ የቀረች ተማሪ ወላጅዋ ራሱ ቀርቦ ካላስረዳ ወደ ክፍል አትመለስም።

እናቴ ስለ ጠጉሩም ስለ ስልኩም ምንም አላለችም። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የራስዋ አልነበረም፤ አብራኝ ልትመጣ ያሰበችው ጓደኛዬ እስላም ናትና እናትዋ የላከችው ጥያቄ ነው፤ ሻሽ ይፈቀዳል ወይ? ነጭ ወይም የደንብ ልብሱ ሰማያዊ ከሆነ ይፈቀዳል ተባለ። ሁለተኛው፣ ልጄ በወር አበባዋ ጊዜ ቢያማት ለማን ትነግራለች የሚል ነው። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። ርእሰ መምህርትዋ ግን የእረፍት ክፍሉን ራሳቸው ወስደው አሳዩን፤ ሁለት አልጋና ውኃ ነበረበት። ሦስተኛው እንዲህ የሚል ነው፦ «እኛ ሩቅ ነን። መንገዱ ቢዘጋ እኔም አባትዋም ለመምጣት አንችልም። ያን ጊዜ ማን ይፈርማል?» ርእሰ መምህርትዋ ጥቂት አስበው፣ በመመዝገቢያው ላይ ለሁለተኛ አሳዳጊ የተተወውን መስመር አሳዩዋትና የአክስቴን ስም አስጻፉ። አብዛኞቹ ወላጆች ያን መስመር ባዶውን እንደሚተዉት በኋላ ከጸሐፊዋ ሰማሁ።

እናቴ በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ መንገድ መዘጋት ምን እንደ ሆነ አይታለች። እኔም የዚያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመበትን ዘመን አልረሳውም።

በሐምሌ አጋማሽ ለክረምት ትምህርት ወደ አክስቴ መጣሁ። ጓደኛዬ በመስከረም ልትከተለኝ ነበረ። በዚያው ክረምት ግን በክልላችን ውጊያ ተነሣ፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። አባትዋ «ልጄን በዚህ መንገድ ላይ አልልክም» አለ። በእርሱ ቦታ ሆኖ ሌላ የሚል አባት ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮው ልመለስ። ለቆላ ልጅ የመጀመሪያው ፈተና ብርዱ ነው። ነጠላዬን ተከናንቤ የመጣሁ ዕለት የበሩ ተቆጣጣሪ አስወለቁኝ፤ የትምህርት ቤቱን ሹራብ ከውስጥ በካናቴራ ደርቤ መልበስ የተማርሁት ያን ጊዜ ነው። በሰዓት መምጣት ግን ለእኔ ቀላል ነበረ። በእኛ አገር ሥራ የሚሠራው ፀሐይ ሳትጠነክር ነውና በ11 ሰዓት መነሣት ልማዴ ነው፤ የከተማ ጓደኞቼ ግን ይህን ደንብ ከሁሉ አብልጠው ይጠሉታል።

በር ላይ ከእንግዳ ጋር አለመቆም የሚለው ደንብ ደግሞ አንድ ቀን አሳቀን። ታላቅ ወንድሜ ሽንኩርት ጭኖ ከመጣ መኪና ላይ ወርዶ ግማሽ ጆንያ ማንጎ አምጥቶልኝ በር ላይ ቆመ። አቧራ የለበሰ ረጅም ጎረምሳ ነው። ተቆጣጣሪዋ ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁት «ወንድምዋ ነኝ» አለ። «ሁሉም ወንድም ነው የሚለው» አሉት። እርሱም ተናዶ፣ «እመቤቴ፣ ሌላ ሰው ግማሽ ጆንያ ማንጎ ተሸክሞ ይመጣል?» አላቸው። ማንጎው ገባ፤ ወንድሜ ግን በካርዱ ላይ ስሙ ስላልነበረ በአጥር ውጭ ቀረ። በነጋው አክስቴ ስሙን አስጻፈች።

ስለ ክፍል ጽዳትና ስለ ዕቃ ማንሣት አንድ ነገር ልጨምር። በቀድሞ ትምህርት ቤቴ ዴስክ የሚያነሡት፣ በቤተ ሙከራ ዕቃውን የሚነኩት፣ የክፍል አለቃ የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ፤ እኛ ሴቶች እንጠርጋለን፣ ውጤቱንም ከእነርሱ እንገለብጣለን። እዚህ ሁሉንም የምንሠራው እኛው ነን። ፊውዝ ሲቃጠል እንኳ ከዘበኛው ጋር መሰላል የያዝነው እኛ ነበርን። ይህን ካየሁ በኋላ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ጥቅሙ ወንድ ስለሌለበት ጸጥታው ነው የሚሉትን ሰዎች አልስማማም፤ ጸጥታ እንኳ የለንም። ይሁን እንጂ ጉድለቱም አይጠፋም። በቀድሞ ክፍሌ በሒሳብ ከወንዶቹ ጋር እከራከር ነበረ፤ አሁን አገር ቤት ስሄድ ከአጎቴ ልጅ ጋር ስነጋገር ድምፄ ዝቅ ማለቱን ታዝቤአለሁ።

በ2016 ዓ.ም. በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አገሬ ሄጄ ሳለሁ እናቴ የፈራችው ደረሰ፤ መንገድ ተዘጋ። ስመለስ ስምንት ቀን አልፎኝ ነበረ። አክስቴ ከእኔ ጋር ቀርባ ፈረመች፤ ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ ስምዋን አገኘችና በዚያው ሰዓት ወደ ክፍሌ ገባሁ። ከእኔ ጋር ከሌላ አውራጃ የዘገየች አንዲት ልጅ ግን ሁለተኛው መስመርዋ ባዶ ስለ ነበረ አባትዋ እስኪመጣ አራት ቀን በአጎትዋ ቤት ዋለች።

ይህ ቢሆንም ያመለጠኝ የሒሳብ ፈተና ቀረ። ደንቡ ፈተና የሚደገመው የሐኪም ወረቀት ላመጣች ብቻ ነው ይላል። እኔ አልታመምሁም፤ የተዘጋ መንገድ ደግሞ ወረቀት አይጽፍም። መምህሬ «እኔ ብፈቅድ ደንቡ አይፈቅድም» አሉኝ። ከአክስቴ ጋር ሆኜ ለርእሰ መምህርትዋ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ ከሌሎች ስድስት የክፍለ ሀገር ልጆች ጋር ስለ ነበርን ስማችንን አንድ ላይ አኖርን። ነገሩ በመምህራን ስብሰባ ታየና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈተንን። በተከታዩ መስከረም በታተመው የደንብ ወረቀት ላይ «ከሐኪም ማስረጃ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም መንገድ በመዘጋቱ መዘግየትዋን አሳዳጊዋ በፊርማ ሲያረጋግጥ» የሚል ተጨምሮ አየሁ። አምስት ጊዜ ያህል ሳላነበው አልቀረሁም።

ጓደኛዬ በሸዋ ሮቢት በየጊዜው እየተቋረጠ ስትማር አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች፤ እኔ 11ኛ ክፍል ስሆን እርስዋ 10ኛ ናት። ከእኔ ይልቅ በሒሳብ የምትበልጠው እርስዋ ነበረች፤ ይህን የሚያውቁ የቀድሞ መምህራኖቻችን አሉ። ታናሽ እኅትዋ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ትፈተናለች። ባለፈው ወር በስልክ ስንነጋገር የጠየቀችኝ ስለ ክፍያው አልነበረም፤ «ያ የሻሹ ደንብ አሁንም እንዳለ ነው? ሁለተኛ አሳዳጊ የሚለውስ ዘመድ ያልሆነ ሰው መሆን ይችላል?» አለችኝ። እነርሱ በአዲስ አበባ ዘመድ የላቸውም። ጸሐፊዋን ጠየቅሁ፤ በወላጅ ውክልና ከሆነ ይችላል አሉኝ። አክስቴንም ጠየቅኋት፤ «አልጋው ይበቃችኋል፤ ብርድ ልብስ ግን ይዛ ትምጣ» አለች። የዘንድሮውን የደንብ ወረቀት አጣጥፌ ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ሽንኩርቱን አራግፎ ማክሰኞ ይመለሳል።