ፊትን መጠበቅና ፊትን መካድ

ስለ ፊት ቅባት በተማሪዎች መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ ወንድሞቻችን ቁም ነገር የጎደለው ሥራ መስሎ እንደሚታያቸው እናውቃለን። አገር ስንት ችግር እያለባት ስለ ክሬምና ስለ ማሳጅ ማውራት ምን ይባላል የሚሉ አይጠፉም። በ1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ግቢ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ ብርቱ ተቃውሞ መነሣቱን የሚያስታውስ ሰው፣ የሴት ልጅ መልክ በተማሪ ዘንድ ክርክር ሲያስነሣ ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ይረዳል። እኛ ግን ልንናገር የተነሣነው ስለ ጌጥ ሳይሆን ስለ ጤና፣ ከጤናም አልፎ ስለ ሕሊና ነውና ጥቂት ታገሡን።

በመሠረቱ ገላን መንከባከብ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ሕፃን በለጋ ቅቤ እያሹ አሳድገዋል፤ እጅና እግራቸውን በእንሶስላ አስውበዋል፤ በወሎ ደግሞ በወይባ ጢስ ይታጠናሉ። ወለምታ ያገኘው ሰው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰውን ወደዚህ ሜዳ ከሳቡት ነገሮች አንዱ ፍል ውሃው ነበር። እንግዲህ ፊቷን የምትጠብቅ ልጅ ሁሉ ፈረንጅ አምላኪ ናት ማለት የራስን ባህል አለማወቅ ነው።

ዛሬ በውበት ሳሎን «ፌሻል» የሚባለውም ሥራ በደንብ ሲታይ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ባለሙያዋ በመጀመሪያ ፊትን ታጥባለች፤ ቀጥላ በእንፋሎት ታለሰልሳለች፤ የሞተውን የላይኛ ቆዳ በቀስታ ታነሣለች፤ ከዚያም ከአገጭ ወደ ጆሮ፣ ከቅንድብ ወደ ግንባር በጣቶቿ እያሸች ትወጣለች፤ በመጨረሻም ማለስለሻ ትቀባለች። ሥራው መልካም ነው፤ የሚወራለት ግን ከሚሠራው ይበልጣል። እንፋሎት የቆዳን ቀዳዳ ይከፍታል ይባላል፤ ነገር ግን ቀዳዳው እንደ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ የለውም። ማሸቱም ደምን ያንቀሳቅሳል፣ የደከመ ፊትን ያዝናናል እንጂ የፊት መጨማደድን ለዘለቄታው አያጠፋም። የላይኛው ቆዳ በወር ገደማ ራሱን በራሱ ያድሳል። ቫዝሊን በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ነው፤ ከቆዳችን ውሃ እንዳይተን የመሸፈን ሥራውን ግን ዛሬም በርካሽ ዋጋ ይሠራል። ግሊሰሪንም ውሃን ወደ ቆዳ ይስባል። ለተማሪ ኪስ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቅዳሜ፣ በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር 6 ሴት ተማሪዎች በየሎከራችን ያለውን ቅባት ሁሉ አንድ አልጋ ላይ አውጥተን ጽሑፉን ማንበብ ጀመርን። 11 ዕቃ ተገኘ። ከ11ዱ 4ቱ ፊት የሚያቀሉ ነበሩ። ከ4ቱም አንዱ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ብልቃጥ ሲሆን፣ ከግቢ ውጪ በአንድ የውበት ሳሎን ተቀላቅሎ የተሸጠ ነው። የብልቃጡ ባለቤት ጓደኛችን በ2 ወር ውስጥ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ፀሐይ ሲነካት ያቃጥላታል፤ ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ጥቂት ቀን ስታቋርጠው ደግሞ ፊቷ በብጉር ይሸፈናል። «ብተወው የባሰ እሆናለሁ» ትለናለች። ወደ ክፍል የምትገባው በነጠላ ተሸፍና ነበር።

ወደ ቆዳ ሐኪም ይዘናት ሄድን። ሐኪሙም ምልክቱ ክሎቤታሶልን ከመሰሉ ብርቱ የስቴሮይድ ቅባቶች የሚመጣ መሆኑን አስረዳን። ይህ ቅባት ለአንዳንድ የቆዳ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በየቀኑ ፊት ላይ ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ በድንገት ሲቋረጥም ፊትን ያስቆጣል። ሃይድሮኪኖን የተባለው ሌላው ማቅሊያ ለብዙ ጊዜ ሲቀባ ቆዳን መልሶ ሰማያዊ በመሰለ ጥቁረት ሊያበላሽ ስለሚችል፣ የአውሮፓ ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ ከማቅሊያ ክሬሞች አግዶታል። ሦስተኛው ሜርኩሪ፣ በእኛ ቋንቋ ባዜቃ፣ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ባዜቃ የተጨመረበት የውበት ቅባት ሁሉ በ2025 እንዲቀር በ2023 ወስነዋል። በወረቀት የቀረ ነገር ግን ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ወዲያው ይጠፋል ማለት አይደለም።

እነዚህ ቅባቶች የሚቀንሱት ሜላኒን የተባለውን የቆዳ ቀለም ነው። ሜላኒን ደግሞ እድፍ አይደለም፤ ከፀሐይ የሚከልለን ጥላችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብ የቀረበች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ፀሐይ ሥር ጥላን ገንዘብ ከፍሎ ማፍረስ ምን ዓይነት ሥልጣኔ ነው?

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በቀባችው ልጅ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሰውን በደረጃ የምንደረድር እኛው ነን። ዘፋኙ ጠይሟን ያወድሳል፤ የሙሽራው እናት ግን «ቀይ ናት ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። በካፌ በር ላይ ቆማችሁ «ያቺ ቀይዋ» እያላችሁ የምትመርጡ ወንድሞቻችን፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ክብር በስብሰባ ላይ የምትናገሩትን ንግግር እኛም ቁጭ ብለን እንሰማለን። ንግግሩና ምርጫው የማይስማማ ከሆነ፣ ያንን ብልቃጥ የገዛችው ጓደኛችን ብቻዋን አይደለችም፤ ሁላችንም ዋጋውን አዋጥተናል።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህ ነው። ጽሑፍ የሌለበትን ብልቃጥ ማንም እንዳይገዛ፤ የጀመረችም በድንገት ከመጣል ይልቅ ሐኪም ዘንድ ሄዳ በምክር እንድታቆም፤ ማኅበራችንም የእነዚህን ሦስት ነገሮች ስም በአማርኛ ጽፎ በየመኝታ ክፍሉ በር ላይ እንዲለጥፍ። ጓደኛችን ሕክምናዋን እየተከታተለች ነው፤ ፊቷ ገና አልዳነም። እሷ እስክትድን ሌላዋ እንዳትጀምር ማድረግ ግን በእጃችን ነው። ጓደኛችሁን ዛሬ ማታ ምን እንደምትቀባ ጠይቋት፤ ስትጠይቋትም አትሳቁባት።