ባዶው መሶብ

ልጆቼ፣ ስለ እኛ ስትሰሙ አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት ስለ ጉዞው ነው። በሱዳን በእግሩ የመጣውን፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣውን፣ መንገድ ላይ የቀረውን። ይህ መነገር አለበት፣ አይቀነስበትም። ግን እኛ ከጉዞው በፊትም ሰዎች ነበርን። ጓደኞች ነበሩን፣ እንስቅ ነበር፣ እኔማ ጭራሽ ቴያትር እሠራ ነበር። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ "ሳባ፣ አንተ?" ብለው ይስቁብኛል። እስቲ ልንገራችሁ።

የተወለድኩት በ1945 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ፣ አምቦበር አካባቢ ባለች አንዲት መንደር ነው። በእናንተ አቆጣጠር 1953 ገደማ መሆኑ ነው፣ የኢትዮጵያው በሰባት ስምንት ዓመት ያንሳል። ፊደል ያስቆጠሩኝ የመንደራችን ቄስ ናቸው። ከብቱን ወደ ግጦሽ ከመንዳታችን በፊት መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ሀሁ እንላለን። የኛ ጸሎት ቤት ያን ጊዜ መስጊድ ነበር የሚባለው፣ ከስግድ በዓላችን ጋር ቃሉ አንድ ነው። ከፊደል ቀጥሎ ዳዊት፣ ከዳዊት ቀጥሎ ኦሪት፣ ሁሉም በግዕዝ። ትርጉሙ ባይገባንም ዜማውን እንይዛለን። ቄሱ "ድምፅህን አውጣ! ከኋላ የተቀመጠችው አሮጊት ካልሰማችህ አላነበብክም" ይሉኝ ነበር። የቴያትር ትምህርቴ እሱ ነው፣ ሌላ አልተማርኩም።

አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ አለባችሁ። በዚያን ጊዜ ወገኖቻችንን "አትንኩኝ" ይሏቸው ነበር። ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር ሲነካካ የዋለ ወንዝ ገብቶ ሳይታጠብ እቤት አይገባም። ክርስቲያኑ የሠራውን አንበላም፣ እሱም እኛ ያረድነውን አይበላም። ሙስሊሙም የራሱን እንጂ የማንንም ሥጋ አይቀምስም። ይህን ሁሉ መከባበር ነበር ብዬ ላሳምረው አልፈልግም። እኛ ርስት የለንም፣ የሰው መሬት እያረስን ነበር የምንኖረው። አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠርተው ሲሸጡ የሚገዛው ሰው "ቡዳ ናቸው" እያለ ከዓይናችን ይሸሽ ነበር። ሕግ መጠበቁም መናቁም አንድ ላይ ነው የኖረው።

ከ1962 እስከ 1965 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ተማርኩ። የድራማ ክበብ ነበረን። መምህራችን የከበደ ሚካኤልን "ሮሜዎና ዡልየት" እና የመንግሥቱ ለማን "ያላቻ ጋብቻ" እያነበበ ያስረዳናል። "ያላቻ ጋብቻ" የተማረ የባላባት ዘር ገረዱን ሲያገባ የሚነሣው ጣጣ ነው፣ ያስቃል። አዲስ አበባ ትልቅ የቴያትር አዳራሽ እንዳለ በወሬ እንሰማለን እንጂ የኛ መድረክ አንድ ላይ የተገፉ ጠረጴዛዎች ነበሩ፣ መጋረጃውም አንሶላ ነው።

በ1965 ሰኔ ላይ ለወላጆች ቀን የራሳችንን ድራማ አዘጋጀን። ሁለት የተጣሉ ቤተሰቦች በልጆቻቸው ሠርግ ይታረቃሉ። አምስት ነን። ሙሽራው ከደብር የመጣ ዲያቆን ነው። የሙሽሪት እናት የሆነችው ቀልደኛ የከተማ ልጅ ነች። ዳኛው ከአዲስ ዓለም ሰፈር የመጣ ሙስሊም ነው። ሚዜው እንደኔው ቤተ እስራኤል ነው። እኔ በ20 ዓመቴ ጥጥ ጺም ለጥፌ አስታራቂ ሽማግሌ ሆንኩ። እስከ ዛሬ የምንጠራራው በእነዚያ ስሞች ነው፣ እኔም እዚህ የማንንም እውነተኛ ስም አልጽፍም።

ታዲያ በመጨረሻው ልምምድ መምህራችን "እርቁ እንዲታመን እንጀራና ወጥ እናምጣና ከምር ብሉ፣ ተጎራረሱ" አለ። እኔና ሚዜው ተያየን። ዳኛው መሬት መሬት ያያል። "አንበላም" ማለት በሰው ፊት እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። አንዳችንም አፋችንን ሳንከፍት ሙሽራው ቀደም ብሎ "መምህር፣ መሶቡ ባዶ ይሁን። የለበስኩት የእናቴ ነጠላ ነው፣ ወጥ ከፈሰሰበት ትገድለኛለች" አለ። ሁሉም ሳቀ፣ ነገሩም በዚያው አለፈ። እናቱ ግን እንኳን ልትገድለው በጥፊ ነክታው የማታውቅ ሴት እንደነበረች ሁላችንም እናውቃለን። በወላጆች ቀን ባዶውን መሶብ ከበን አየር ጠቀለልን፣ ተጎራረስን፣ አላመጥን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሱ ምክንያቱን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

በዓመቱ አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "መሬቴ" ሲል ሰማሁት። ከዚያ ደግሞ ቀይ ሽብር መጣ። ሙሽራውን አንድ ሌሊት ከቤቱ ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ያን ጊዜ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነበር። እናት በሯን ዘግታ አንጀቷን ይዛ ነው የምታለቅስ። እኛም ለቅሶ ሳንቀመጥ ተበታተንን። ሚዜው በ1984 በሱዳን በረሃ አድርጎ መጣ፣ እህቱ እዚያው ቀረች። እኔ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን መጣሁ። በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው የተጓጓዘበት ቀን ነው። ዳኛው አሜሪካ ገባ። የሙሽሪት እናት ብቻ ጎንደር ቀረች፣ አስተማሪ ሆና ጡረታ ወጣች።

በ2019 ስልክ ተደወለ። "ሽማግሌው፣ ኢየሩሳሌም ለመሳለም እመጣለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ እናንተ ጋ ነኝ" አለች። ሚዜውን ከነታንያ ጠራሁት።

ልጄ ደስ ብሏት "አባዬ፣ ዶሮ ወጥ እሠራለሁ። ኮሸር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ምን ይጎድለዋል?" አለችኝ። ለኛ አይጎድልም። እንግዳችን ግን በሥላሴ ስም ያልታረደ ሥጋ የማትበላ ክርስቲያን ናት። ዶሮውን ብታቀርቢላት ወይ ሃይማኖቷን ትተላለፋለች፣ ወይ እምቢ ብላ ታፍራለች፣ ሁለቱንም በኔ ቤት አልፈልግም አልኳት። ልጄ ይህን አታውቅም ነበር። እዚህ አገር ኮሸር ነው ወይስ አይደለም ብቻ ነው የሚጠየቀው፣ እንግዳውም የራሱ ሕግ ሊኖረው እንደሚችል ማን ያስተምራችኋል? ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ድንችና ሰላጣ ተሠራ። የእርድ ጣጣ የለበት፣ ሁሉም ይበላዋል።

ከሰዓት በኋላ መጣች፣ ነጭ ለብሳ፣ በምርኩዝ። ገና ከበሩ "ውይ ሽማግሌው! ያ ጥጥ ሥር ሰደደ እንዴ?" አለችኝ፣ ጺሜን አይታ። ልጄ እጅ አስታጠበችን። እንግዳችን መሶቡን አየት አድርጋ "ሁዳዴን 55 ቀን ሽሮ በልቼ፣ በፋሲካ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሽሮ!" አለችና ሳቀች። ቀጥሎ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ "ስለኔ ብላችሁ መሆኑ ገብቶኛል" አለችኝ። ዳኛውን በስልክ በቪዲዮ አገኘነው፣ እሱ ጋ ገና ማለዳ ነው። ዳቦና ሻዩን ይዞ "እኔም አብሬ እየበላሁ ነው" አለን። ስልኩን ብርጭቆ አስደግፈን መሶቡ አጠገብ አቆምነው።

እንጀራውን ከመቁረሷ በፊት አንድ ፎቶ አወጣች። አምስታችን ባዶውን መሶብ ከበን። "የሙሽራው እናት ሰጥታኝ ነው" አለች። እስክትሞት ድረስ ትጠይቃት ነበር አሉ። በዚያ የልምምድ ቀን ማታ ልጇ እቤት ገብቶ "እማዬ፣ ዛሬ ባንቺ ነጠላ አሳብቤ ሦስት ጓደኞቼን ከኀፍረት አዳንኩ" ብሎ ነግሯት ነበር። እናቲቱ ያቺን ወሬ በየዓመቱ ታወራታለች። መቃብሩን ስለማታውቀው የምታወራው እሷን ነው።

ሚዜው ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ዳኛው በስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ከ40 ዓመት በላይ የዘገየው ለቅሶ እዚህ ፔታሕ ቲክቫ፣ በሦስተኛ ፎቅ ሳሎን ውስጥ ተለቀሰ። ከዚያ እሷ እንባዋን ጠርጋ፣ ምስሩን ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው። "ያን ጊዜ የጎረስከው አየር ነው። ይኸው!" አለች። ጎረስኩ። ሚዜውም ጎረሰ። ዳኛው "የኔንስ ማን ይጎርስልኛል?" ሲል ሁለተኛ አጎረሰችኝ።

የልጅ ልጄ ፎቶውን አይታ "መሶቡ ውስጥ ምንም የለም፣ ለምንድነው እንዲህ የምትስቁት?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የምጽፈው እሷን ለመመለስ ነው። አንዳንዶቻችሁ የጥንቱን ስትሰሙ "አብሮ መብላት እንኳ አይቻልም ነበር፣ ጨለማ ነበር" ትላላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "ሁሉም ተስማምቶ ነበር የሚኖር" ብላችሁ ታሳምሩታላችሁ። ሁለቱም ሙሉ አይደለም። እንኳን አብሮ መብላት፣ ስንቱ አብሮን መቆምም አይወድም ነበር። በዚያው መሐል ግን አንድ ዲያቆን የራሱን ሕግ ሳይጥስ፣ የኛንም ሳያስጥስ፣ እኛ ሳናፍር የምንቀመጥበትን መሶብ አሰበልን። ዕድሜው 19 ነበር። ያደረገውን የሚያውቁ ሰዎች አሁን አራት ነን፣ ሁላችንም አርጅተናል።

ዛሬ በዚህ አገር የኛ ልጆች መድረክ ላይ ናቸው። ዮሲ ዋሳ አማርኛችንንና ጉዟችንን ይዞ በዕብራይስጥ ሕዝብ ሲያስቅ አይታችኋል። ኢየሩሳሌም ውስጥም "ሁለገብ" የሚባል የኢትዮጵያውያን የጥበብ ፌስቲቫል አለ። የልጅ ልጄ ቲኾን ገብታ ቴያትር መርጣለች። ባለፈው የባዶውን መሶብ ታሪክ ለትምህርት ቤቷ ልጽፈው ነው፣ ሽማግሌውን አንተ ትሠራለህ አለችኝ። በዕብራይስጥ ጻፊው፣ የኔን ክፍል ግን በአማርኛ ነው የምናገረው፣ ያልገባው ጎረቤቱን ይጠይቅ ብያታለሁ። አሁን የሙሽራውን ቦታ የሚሠራ ልጅ እየፈለገች ነው።