ጃንጂራ፦ በሕንድ ባሕር ዳር ያልተደፈረው የ«ሐብሺዎች» ግንብ

ሕንድ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን በልጅነታችን ያየነው ፊልም፣ በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን፣ ካልሆነም ታጅ ማሐል ነው። ከሙምባይ፣ ከቀድሞዋ ቦምቤይ፣ በስተደቡብ ባለው የባሕር ጠረፍ ላይ ግን የእኛኑ ስም ተሸክሞ የቆመ ግንብ መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ቦታው በማሃራሽትራ ግዛት፣ በራይጋድ አውራጃ ይገኛል። አውራጃው በአንድ ወገን የዓረብ ባሕር፣ በሌላው ወገን የሳህያድሪ ተራሮች ያቀፉት፣ ኮኮናትና ሩዝ የሞላበት ለምለም አገር ነው።

ከሙምባይ ለሚነሳ መንገደኛ የሚሻለው በባሕር መሻገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ተሠርቶ ካለቀው «ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ» ከተባለው የድንጋይ በር ሥር በጀልባ ተሳፍሮ፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ማንድዋ መድረስ ይቻላል። ከዚያ አውቶቡስ ወደ አሊባግ ከተማ ያደርሳል። የዚያ አገር ክረምት እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ባሕሩ ስለሚቆጣ ጀልባዎቹ ያርፋሉ። ለጉብኝት የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው።

በአሊባግ ዳርቻ፣ ባሕሩ መካከል፣ የኮላባ ምሽግ አለ። ባሕሩ ሲሸሽ በእግር ወይም በፈረስ ጋሪ ይገባሉ፤ ሲሞላ ግን ያለ ጀልባ መውጫ የለም። ስለዚህ ሰዓቱን የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ መግባት ደግ አይደለም። ውስጡ የዝሆን ራስ ያለው የጋኔሽ ቤተ መቅደስ ይገኛል፤ ሕንዳውያኑ ጫማቸውን አውልቀው፣ አበባና ኮኮናት ይዘው ይሳለማሉ። ጫማ አውልቆ ደጅ መሳለም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለምና ብዙ አላስደነቀኝም።

በዚሁ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ ቤኔ እስራኤል የተባሉ አይሁድ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ዘይት መጭመቅ ሆኖ ቅዳሜ ስለማይሠሩ፣ ጎረቤቶቻቸው «የቅዳሜ ዘይት ጨማቂዎች» ይሏቸው ነበር። ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ፣ በ1960ዎቹ «አይሁድነታችሁ ይጣራ» ተብለው ተፈትነዋል። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ኋላ የደረሰባቸውን ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም።

ወደ ደቡብ ሲወርዱ በሬቭዳንዳ አጠገብ በነጭ እብነ በረድ የታነጸ የጋኔሽ ቤተ መቅደስ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ባሕሩን ይመለከታል። ቀጥሎ የካሺድ ነጭ አሸዋ ይመጣል። ከበስተኋላው ያለው የፋንሳድ ጫካ ዱሮ የአካባቢው ገዥዎች ማደኛ ነበር፤ ከ1986 ጀምሮ የዱር አራዊት መጠበቂያ ነው። እዚያ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለው ባለ ረጅም ጅራት ግዙፍ ሽኮኮ የግዛቲቱ መለያ እንስሳ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሙሩድ ከተባለችው ትንሽ ከተማ አለፍ ብሎ ራጃፑሪ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። ከዚያ ባለ ሸራ ጀልባ ይሳፈራሉ። ከፊትዎ ከባሕሩ ውስጥ የበቀለ የሚመስል ጥቁር ግንብ ይታያል፤ ጃንጂራ ይሉታል፤ ስሙ «ጀዚራ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን ደሴት ማለት ነው። በሩ የት እንዳለ እስኪጠጉ ድረስ አይለይም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በደጁ ላይ ዝሆኖችን በጥፍሮቹ ጨምድዶ የያዘ አንበሳ መሰል አውሬ ተቀርጿል። ውስጡ የፈራረሱ ቤቶች፣ መስጊድ፣ ታላላቅ መድፎች፣ ከሁሉም የሚያስገርመው ደግሞ በጨው ባሕር መካከል ንጹሕ ውኃ የሚያጠራቅሙ ሁለት ገንዳዎች አሉ። ግንቡን ያስከበረው መድፉ ብቻ ሳይሆን ይህ ውኃ ነው፤ የተከበበ ሰው የሚሸነፈው በጥም ነውና።

የጃንጂራ ጌቶች «ሲዲ» ወይም «ሐብሺ» የሚባሉ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ነበሩ። አገዛዛቸው በቀድሞ መዛግብት «ሐብሳን» እየተባለም ተጽፏል፤ የሐብሺዎች ምድር ማለት ነው። የማራታው ንጉሥ ሺቫጂ ግንቡን ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም። ልጁ ሳምባጂ በ1682 ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ መሻገሪያ ሊሠራ ቢነሳም ሳይሳካለት ቀረ። በ1689 ደግሞ ሲዲ ያቁት ካን ራሱ ዘምቶ እንግሊዞችን ቦምቤይ ላይ ከበበ፤ እነርሱም የሞጎሉን ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብን ምሕረት ለምነው፣ ካሣ ከፍለው ነው የተላቀቁት። የሲዲዎቹ ግዛት እስከ 1948 ቆይቶ ከሕንድ ጋር ተቀላቀለ።

ጀልባ ቀዛፊው ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ከኢትዮጵያ፤ የዱሮው ሐበሻ» አልኩት። ግንቡን በጣቱ እያሳየ፣ «እንግዲያስ ቤትህ ገባህ» ብሎ ሳቀ። አብረውን የነበሩት የማራታ ልጆች ግን አልሳቁም። ለእነርሱ ሺቫጂ የአገር አባት ነው፤ የግንቡ ጌቶች በትምህርት ቤት የተማሯቸው ጠላቶች ናቸው። አንድ ድንጋይ ለአንዱ ኩራት፣ ለሌላው ቁጭት ይሆናል።

ለእኛስ? ኩራት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሐብሺዎቹ ወደ ሕንድ የሄዱት ሁሉ በፈቃዳቸው አልነበረም፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ተፈንግለው፣ በቀይ ባሕር በኩል የተሸጡ ናቸው። የደካን ሱልጣኖች ባሪያ ወታደር የሚገዙት በአገሩ ዘመድና ጎሣ ስለሌለው ለጌታው ብቻ ይታመናል ብለው ነው። ጌታው ሲሞት ብዙ ጊዜ ነጻ ይወጣል፤ ብልህ ከሆነም የጦር አዛዥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ምድር የተወለደው ማሊክ አምባር በሙኻና በባግዳድ በኩል ተሽጦ ደካን ደረሰ፤ ኋላም የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ ሞጎሎችን ሲያስጨንቅ ኖረ። የግብር ሥርዓት አሻሻለ፣ ከተማ ቆረቆረ፣ ውኃ በቦይ አስገባ። በእርሱ እንኮራለን፤ መኩራትም ይገባናል። ነገር ግን ሻጮቹ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ ወይ? ልጁን ከእናቱ ጉያ የነጠቀው ማን ነበር? ስለ አንድ ማሊክ አምባር ስንዘምር፣ ስማቸው ያልተጻፈ ስንት ሺህ ሕፃናት መኖራቸውን መርሳት የለብንም።

ሲዲዎች ዛሬም በጉጃራትና በካርናታካ ይኖራሉ። ሁሉም ከኢትዮጵያ የሄዱ አይደሉም፤ የብዙዎቹ አባቶች ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የመጡ ናቸው። የሚናገሩት የአካባቢውን ቋንቋ ነው፤ የአያቶቻቸውን መንደር ስም የሚያውቅ የለም። «ሲዲ» የሚለው ስምና ከበሮው ግን ቀርቷል።

ጊዜ ያለው ሰው ወደ ደቡብ ዘልቆ ሐሪሐሬሽዋርን ይይ። ማዕበል እንደ ማር እንጀራ የፈለፈለው ዓለት አለ፤ ተሳላሚዎች ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ኮረብታውን ይዞራሉ። የብስ ለብስ የሚመለስ ደግሞ ፓሊ ላይ፣ በባላሌሽዋር ቤተ መቅደስ፣ ማራታዎች በ1739 ቫሳይን ከፖርቱጋሎች ሲይዙ የማረኩትን የአውሮፓ ደወል ያያል።

እኛ የዚህ ዘመን ስደተኞች የመጣንበትን መንደር እናውቃለን፤ ስልክ አለን፣ ብዕር አለን። ልጆቻችን ከስም በቀር ሌላ እንዳይቀርላቸው ማድረግ በእጃችን ነው። በራጃፑሪ በኩል ለሚያልፍ ወገን፣ መልካም ጉዞ!