ከባሕሪ እስከ ጎንደር በብስክሌት

ብስክሌት ነዳጅ አይጠጣም፣ ጭስም አያወጣም። ስለዚህ በብስክሌት ዕረፍቱን ያሳለፈ ሁሉ አካባቢን የማይጎዳ ጉዞ እንደተጓዘ ይቆጠራል። ሰሜን ካርቱም ከምትባለው የሱዳን ከተማ ከባሕሪ ተነስቶ በገዳሪፍ፣ በገላባትና በመተማ አድርጎ ጎንደር የሚወጣውን መንገድ ሳስብ ግን ይህ ሚዛን አያጠግበኝም። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ተጓዡ የት አደረ፣ የማንን እራት በላ፣ ገንዘቡንስ ለማን ከፈለ የሚለው ነው። የብስክሌት ትልቁ ጥቅም ዝግታው ይመስለኛል። ዝግታ ማደርን ያስገድዳል፤ ማደር ደግሞ መኪና ሳይቆም አልፏቸው የሚሄድ ከተሞችን እንጀራ ያበላል።

የመንገዱ መነሻ ባሕሪ ለዚህ ሐሳብ የተመቸች ናት። በጥቁር ዓባይ ሰሜናዊ ዳርቻ ከሁለቱ ዓባዮች መገናኛ አጠገብ የተዘረጋች፣ ከባሕር ወለል 380 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ሜዳማ ከተማ ስለሆነች ፔዳል ለመርገጥ ጉልበት አትጠይቅም። ከወዲ ሐልፋ የመጣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 የመጨረሻ ቀን ደርሶ የቆመው እዚህ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የጥቁር ዓባይ ድልድይ ተሠርቶ ባቡሩ ወደ ካርቱም እስኪሻገር ድረስም የመስመሩ መጨረሻ ባሕሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የካርቱም ሴቶች የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር አቋቁመው በአደባባይ መንዳት ጀመሩ። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ዓይን በሚበዛበት ከተማ ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። ኢትዮጵያውያን በካርቱም ሰፈሮች ምን ያህል ሥር ሰደው እንደነበር ለማወቅ በየጥጉ ሻይና የጀበና ቡና ሲያፈሉ የነበሩትን እህቶቻችንን ማስታወስ ይበቃል። ከባሕሪ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ለእነርሱ የቱሪስት መስመር ሳይሆን የቤት መንገድ ነው።

ዝግታ ምን እንደሚያፈራ ለማየት የሜዲትራኒያንን ተራሮች እንመልከት። በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ ተራሮች መካከል፣ ፑዌርቶ ሴራኖንና ኦልቬራን የሚያገናኝ 36 ኪሎ ሜትር የብስክሌትና የእግር መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለባቡር ተጀምሮ አንድም ባቡር ሳያልፍበት የቀረ መስመር ነው፤ 30 ዋሻዎችና 4 ትልልቅ ድልድዮች አሉት። ለባቡር የተጠረገ በመሆኑ ዳገቱ ለስላሳ ነው፤ ሽማግሌም ሕፃንም ይሄድበታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የጣቢያዎቹ ዕጣ ነው። ባቡር ሳይደርስባቸው የቀሩት ጣቢያዎች ተጠግነው ማደሪያና ምግብ ቤት ሆኑ፤ ተጓዡ በዚያ በልቶ፣ በዚያ አድሮ፣ በገደሉ ላይ የሚያንዣብቡትን ጥንብ አንሳዎች እያየ ያልፋል። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረችው ይህን የመሰለ ሥራ ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ከዚያው አገር ማዮርካ ደሴት ተቃራኒውን ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የትራሙንታና ተራራ በየጸደዩ በብስክሌተኞች ይጥለቀለቃል። አብዛኛው እንግዳ በአውሮፕላን መጥቶ በአውሮፕላን ይመለሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የደሴቷ ነዋሪዎች የቤት ኪራይ ናላቸውን ስላዞረው በቱሪዝሙ መብዛት ላይ ሰልፍ ወጡ። በሁለቱም ቦታ የሚሽከረከረው ያው ብስክሌት ነው።

በእኛ በኩል ያለውን ማስረጃ ብናነሣ፣ ከካይሮ ኬፕ ታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ቱር ዳፍሪክ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሱዳንን አቋርጦ በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ለዓመታት ይወጣ ነበር። ይህ መንገድ በብስክሌት አይወጣም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ይሁንና ጉዞው ድንኳኑንና ስንቁን በመኪና አስጭኖ፣ ምግብ አብሳዩን አስከትሎ የሚሄድ ትልቅ ጓዝ ነው፤ ለሚያልፍባቸው መንደሮች የሚተርፈው ከዚያ አንጻር ጥቂት ነው። ሌላው ምሳሌ ሰሜን ወሎ፣ መቄት ላይ ይገኛል። ተስፋ በሚል ስም በሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ገበሬዎቹ ራሳቸው በገደሉ አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ ጓዙን በአህያ ጭነው፣ እንግዳውን ከአንዱ መንደር ወደሌላው በእግር ያደርሳሉ። ጎጆው የመንደሩ ነው፤ ምግቡም ከዚያው ማጀት የወጣ ነው። የመጀመሪያው ጽናትን አሳየን፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለቤትነትን። እኔ የምመኘው የባሕሪና የጎንደር መንገድ የሁለቱ ጋብቻ ነው።

ይህ መንገድ ዝግታን አዲስ የሚማር መንገድ አይደለም። ከጎንደር ወደ ስናር የሚወርደው የሲራራ ንግድ ለዘመናት በዚህ ሲመላለስ ኖሯል፤ የመተማ ገበያም ያደገው በዚሁ ነው። በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበርና የድሮውን ንግድ አሞግሼ ማለፍ አልፈልግም። ቢሆንም ሲራራው በየማደሪያው ሰፍሮ፣ ስንቅ ገዝቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ ስለሚያልፍ የመንገዱን ዳር ሰዎች ሳይነካ አይሄድም ነበር። ዛሬ ከካርቱም ጎንደር ያለው ርቀት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሌሊት መንገድ ላይ ያድራል፤ በአውቶቡስ የሚጓዘው ሰው ግን አብዛኞቹን ከተሞች በመስኮት አይቷቸው ያልፋል። ዋድ መዳኒ፣ በማሽላዋና በሰሊጧ የታወቀችው ገዳሪፍ፣ ዶካ፣ ገላባት፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ፣ ገንዳ ውሃ፣ ነጋዴ ባሕር፣ አይከልና አዘዞ እያንዳንዳቸው የአንድ ሌሊት ወይም የአንድ ምሳ እንግዳ ያገኛሉ ማለት ነው። ፉልና ኪስራ በሽሮና በእንጀራ የሚተካበትን ቦታ በራሱ ሆድ የሚያውቅ ተጓዥ ስለ ሁለቱ አገሮች ጉርብትና ከየትኛውም ጉባኤ የበለጠ ይማራል።

ሙቀቱና ዳገቱ አይቻልም የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ሙቀቱ እውነት ነው፤ በግንቦት ከካርቱም በብስክሌት ለመውጣት የሚያስብ ሰው ሊከለከል ይገባል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን አየሩ ይለዝባል፤ በዚያ ወራት በሱዳን የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስም ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው ከኋላው ይገፋዋል። ዳገቱን በተመለከተ፣ መተማ 700 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው 180 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በፈረንሳይ ስመ ጥር የሆነው የሞን ቫንቱ ተራራ በ21 ኪሎ ሜትር ብቻ 1,600 ሜትር ያህል ያስወጣል፤ በየዓመቱም ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ይወጣዋል። የቆላው ወባ ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ ተጓዡ ሐኪም አማክሮ፣ አጎበር ይዞ መሄድ አለበት። ከጎንደር አልፎ ስሜንን ለሚመኝ ሰው ደግሞ ብስክሌቱ ደባርቅ ላይ ይቁም እላለሁ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የኖረ ነውና አዲስ ጎማ አያስፈልገውም፤ እግር ይበቃዋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የአውሮፕላኑ ነው። ከአውሮፓ በርሮ መጥቶ ሁለት ሳምንት ብስክሌት የሚነዳ ሰው በበረራው ያወጣውን ጭስ በፔዳል አያካክሰውም። ይህን ክርክር አልክድም፤ እንዲያውም ሐሳቤን ያጠናክረዋል። መንገዱ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ለቅርብ ሰው ነው፦ ለጎንደርና ለባሕር ዳር ወጣት፣ ለአዲስ አበባ ሠራተኛ፣ ለካርቱም ተማሪ። ከሩቅ የሚመጣውም አንዴ ከመጣ ዘንድ ረዘም አድርጎ ይቆይ። ቢሆንም ብስክሌተኞች ጥቂት ናቸው፣ ገቢያቸውም ኢምንት ነው የሚሉ አሉ። ለአገር በጀት ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴ ባሕር ላይ አራት አልጋ ላላት እናት ግን በሳምንት የሚመጡ ስድስት እንግዶች የልጆቿ ደብተርና ጫማ ናቸው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል። የሱዳን ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ለእኛ በፋሲካ ዋዜማ ነው። ባሕሪ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ የጦር አውድማ ሆነች፤ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሸምባት ድልድይ ፈረሰ፤ የሱዳን ጦር የካርቱምን ግዛት ሙሉ በሙሉ መቆጣጠሩን ያወጀው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ሰላም ርቋል። ሰው በሚሞትበት መንገድ ላይ ስለ ዕረፍት ማውራት ነውር አይደለም ወይ? ዛሬ ሂዱ ብል ነውር ነበር፤ ማንም ዛሬ እንዲሄድ አልመክርም። ነገር ግን የፈረሰ ከተማ የሚሠራው አንዴ ነው። የድልድዩ ስፋት፣ የመንገዱ ትከሻ፣ የአውቶቡስ ጣቢያው ቦታ የሚወሰነው በመልሶ ግንባታው ንድፍ ላይ ነው፤ ብስክሌተኛና እግረኛ በዚያ ንድፍ ካልገቡ ለሌላ ሃምሳ ዓመት አይገቡም። ደግሞም ለዚህ የሚጠረገው መስመር ከቱሪስቱ በፊት የሚያገለግለው ወደ ፈረሰ ቤቱ ተመልሶ የነዳጅ ዋጋ የማይችለውን የባሕሪ ሰው ነው።

ስለዚህ የሸምባትን ድልድይ ዳግም የምትነድፉ መሐንዲሶች፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ የሚሆን ከመኪናው የተለየ መስመር አብራችሁ ንደፉ። ጎንደር ያላችሁ አስጎብኚዎችም ተኩሱ ዝም ባለ ማግስት ሆቴል የሚሠራ ባለሀብት ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ አይከልና ወደ ነጋዴ ባሕር ውረዱ፤ የመቄት ገበሬዎች የሠሩትን አሳዩአቸው፤ ማደሪያው በስማቸው ይመዝገብ።