ሰዓቱ አለ፣ ካርዱ የለም

በልደታ ስለ ሯጭ ልጅ ወሬ ሲነሳ የሚጠየቀው «ስንት ገባ?» ነው። «ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ግን ሁለቱንም ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ካልተመለሰ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም። እኛ የጠፋንበት እዚህ ላይ ነው።

ጎረቤቶቻችን አልጠፉበትም። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። በ1987 ሮም ላይ በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሶማሊያዊው አብዲ ቢሌ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነበር። በ2024 የአሜሪካን ኮሌጆች የ10 ሺህ ሜትር ውድድር ያሸነፈው ሀብቶም ሳሙኤል ኤርትራዊ ነው፤ ያኔ የሚማረው ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1972 ሙኒክ ላይ በ800 ሜትር ነሐስ ያገኘው ኬንያዊው ማይክ ቦይት ደግሞ አሜሪካ ተምሮ ተመልሶ በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ አልበቃው ብሎ በ2004 የኬንያን ጎበዝ ተማሪዎች ወደ ታላላቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚልክ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። አበበ ቢቂላን፣ ማሞ ወልዴን፣ ምሩጽ ይፍጠርን ያፈራች አገር በዚህ ዝርዝር ውስጥ የት አለች?

በደርግ ዘመን ምክንያት ነበረን። ሞንትሪያልን፣ ሎስ አንጀለስን፣ ሴኡልን ጥላ የቀረች አገር ልጆቿን አሜሪካ ኮሌጅ አልላከችም ተብላ አትወቀስም። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ከ30 የሚበልጡ ዓመታት ግን በማን እናሳብብ?

ደንቡ እንደሆነ የተደበቀ አይደለም። በከፍተኛው ምድብ መወዳደር የሚፈልግ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ 16 መሠረታዊ የትምህርት ዓይነቶችን ጨርሶ ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት አለበት። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፤ የእኛ 9ኛ ክፍልም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። በ2023 የአሜሪካኖቹ የመግቢያ ፈተና ሳይቀር ከመስፈርቱ ወጣ። ቀጥሎ የአማተርነት ጥያቄ ሲመጣ ኖሯል። ደመወዝ ይከፈልህ ነበር? ከማናጀር ጋር ተፈራርመሃል? ከወጪህ በላይ የሽልማት ገንዘብ ወስደሃል? ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልጆቻችንን ሲጥል የኖረው ግን ማንም የማይነግራቸው አንድ አንቀጽ ነው፤ 12ኛ ክፍልን መጨረስ ከነበረበት ጊዜ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ኮሌጅ ሳይገባ በተደራጀ ውድድር ሲሮጥ የቆየ ልጅ፣ ኮሌጅ ከሚወዳደርባቸው ዓመታት ላይ ይቀነስበታል።

በሰፈራችን ያደገ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ውጭ ያለ ዘመዱ ሰዓቱን ለአንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ አሳይቶለት መልስ መጣ። ሙሉ የትምህርት ዕድል፣ ማደሪያና ቀለብ ጭምር። የተጠየቀው ትራንስክሪፕት ብቻ ነበር። ልጁ 10ኛ ክፍል ሳይጨርስ ክለብ ገብቶ ደመወዝተኛ ሆኗል። «ጋሼ፣ ሰዓቴን አይተውት የለ እንዴ? ካርድ ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እናቱ የ8ኛ ክፍል ካርዱን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ መጣች፤ ከዚያ በላይ የነበራት ወረቀት የክለቡ ፊርማ ነው። አሰልጣኙ ሌላ ልጅ ፈለገ።

እናቱን መውቀስ ይቀላል፤ እኔ ግን አልወቅሳትም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ተምሮስ የት ሊደርስ?» ብላ የወር ደመወዙን ብትመርጥ ሒሳቧ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ልጁን ሲያስፈርሙ በአጠገቧ ተቀምጠው ሌላ በር እንዳለ አንዲት ቃል ያልተነፈሱት ሰዎች ሥራ ነው።

ጥሩነሽ ዲባባን እየጠቀሰ የሚከራከረኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከበቆጂ አዲስ አበባ ስትመጣ የትምህርት ቤት ምዝገባ አልፏት የማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ ገና በ18 ዓመቷ በ5000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። እንኳንም ሆነች። ግን ያ ታሪክ የሚወራው እሷ ጥሩነሽ ስለሆነች ነው። ምዝገባ አልፏቸው ክለብ ገብተው፣ በ22 ዓመታቸው ጉልበታቸው ተጎድቶ ከነሻንጣቸው ሰፈር የተመለሱትን ማን ይቆጥራቸዋል? ካርድ የላቸው፣ ሙያ የላቸው። ደግሞ በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ኮትኩቶ ያሳደገው ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ሯጩ የሚገኘው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ የምናስወጣው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ የበለጠ የሚያንገበግብ ነገር መጣ። አማተርነት ራሱ እየፈረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ተማሪ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ መንገድ ተከፈተ። (በተማሪ ቪዛ ለሚኖር ልጅ ገንዘቡ ብዙ ገደብ እንዳለበት አይረሳ።) ለዓመታት «የክለብ ደመወዝ ነው ያስቀረን» ስንል ኖርን። ገንዘቡ ላይ ደንቡ እየላላ ነው፤ 16ቱ ትምህርት ላይ ግን አልላላም።

ስለዚህ ልጃችሁ የሚሮጥላችሁ የልደታ፣ የአብነትና የጌጃ ሰፈር ወላጆች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ክለብ ሲመጣ አትከልክሉ፤ ነገር ግን እስከ 12ኛ ክፍል በቀንም ሆነ በማታ እንዲማር የሚፈቅድ ቃል በውሉ ላይ ሳይጻፍ አትፈርሙ። ማናጀር ነኝ ባይ ሲመጣ ደግሞ ልጁ ስንት ዓመት ትምህርት እንደቀረው መጀመሪያ ንገሩት፤ ካልጠበቀ ይሂድ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ካርድ ሁሉ አስቀምጡ።