ዕጢው ወጣ፤ ጉበቱ ግን ያው ነው

በእኛ አካባቢ የጉበት ካንሰር ይዞት፣ በጊዜ ተደርሶለትና ታክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ብርቅ ነው። አብዛኛው በሽታው የሚታወቅበት ሆዱ ውኃ ከቋጠረ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙም ሕመሙን ከማስታገስ ሌላ ብዙ የሚያደርገው የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ተርፎ ሲመጣ ደስታው የአገር ይሆናል። አጎቴ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ወደ ፍኖተ ሰላም የተመለሱ ጊዜ ከጅጋም፣ ከማንኩሳም፣ ከደምበጫም ዘመድ ተሰብስቦ መጣ። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ለመድኃኔዓለም የተሳለው ጥላ ገባ። አረቄውም በመለኪያ እየዞረ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ «ለዛሬማ አንዲት ይቅመሱ፣ ደስታ አይደል እንዴ!» የሚል አልጠፋም።

እዚያ ግቢ ውስጥ በዚያን ቀን ሳይነገር የቀረ ነገር ስላለ ነው ይህን የምጽፈው። ዕጢው ወጥቷል፤ ዕጢውን ያበቀለው ጉበት ግን እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ነው።

የጉበት ካንሰር ብዙ ጊዜ በጤነኛ ጉበት ላይ አይነሳም። በአገራችን ከበስተጀርባው ብዙ ጊዜ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ አለ። ሃያና ሠላሳ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ ጉበቱን ያቆስለዋል፤ ቁስሉ እየጠገገ ጉበቱ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፤ ካንሰሩ የሚበቅለው በዚህ በተጎዳ ጉበት ላይ ነው። አንዱን ዕጢ ቆርጦ ማውጣት የቀረውን ጉበት አዲስ አያደርገውም። ለዚህ ነው ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ በሚደርሱት ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እንደገና የሚታየው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አድርጌ አላየውም። በክትትል ላይ ያለ ሰው ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ይገኝበታል፤ ትንሽ ዕጢ ደግሞ ዳግም ሊወጣ ወይም በሙቀት ሊቃጠል ይችላል። የሚገድለው ሆድ እስኪያብጥ ድረስ ተደብቆ የሚያድገው ነው።

ክትትሉ ከባድ ነገር አይደለም፤ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን፣ ኤ ኤፍ ፒ የሚባለው የደም ምርመራ፣ የጉበት ምርመራ እና ሐኪም ፊት መቅረብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስትና በየአራት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በየስድስት ወሩ ይደረጋል። ሁሉም አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት ለታመመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቃል። ባሕር ዳር ግን በግማሽ ያነሰ መንገድ ነው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎችም እዚያ አሉ። አልትራሳውንዱ ቅርብ ባለ ሆስፒታል ቢሠራና ያከመው ሐኪም ውጤቱን ቢያየው ብዙ ድካም ይቀራል። ይህን ግን ታካሚው ካልጠየቀ ማንም አያስታውስለትም፤ ከሆስፒታል ስትወጡ «የትኛውን ምርመራ አገራችን ላይ ማሠራት እንችላለን?» ብላችሁ አስጽፉ።

ቀጠሮ የሚያልፈው በስንፍና ብቻ አይደለም። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ለገበሬው ምንም የማይነግረው ባዶ ቁጥር ሆኖበት፣ ወይም አጨዳ ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል። አጎቴ ጋ የሠራልን ዘዴ ቀጠሮውን ከበዓል ጋር ማሰር ነው፤ መስቀል ሲያልፍ፣ ጥምቀት ሲያልፍ፣ የግንቦት ልደታ ሲያልፍ። ሦስቱ በግርድፉ አራት አራት ወር ይራራቃሉ። በየስድስት ወሩ ሲሆን ደግሞ መስቀልና የመጋቢት መድኃኔዓለም ልክ ይመጣሉ። ሐኪሙን «ቀኑን ከበዓሉ ማግሥት ያድርጉልን» ብለን ለመንነው፤ እሺ አለ። ያን ቀን ማንም አይረሳም፤ ጎረቤት ሳይቀር «ልደታ ደረሰች፣ ሐኪም ቤት መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከአጨዳም የከፋ ነገር መጥቷል። በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት መንገድ ተዘግቷል፣ ስልክና ኢንተርኔት ጠፍቶ ከርሟል፣ መድኃኒት ከመደብር ታጥቷል። ለከባድ ሕመምተኛ ይህ ከጥይቱ የማያንስ አደጋ ነው፤ ስለሱም በቂ አልተነገረም። እኛ የምናደርገው መንገድ ሲከፈት ቀጠሮው ባይደርስም መሄድ፣ ኪኒኑንም ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ለብዙ ወራት አንድ ላይ መያዝ ነው። ወረቀቱንም አደራ እላለሁ። የቀዶ ጥገናው ማጠቃለያ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱ፣ የሲቲ ስካኑ ሲዲ፣ ሁሉም በአንድ ውኃ በማያስገባ ፌስታል ይቀመጥ፤ ፎቶውም በሁለት ሰው ስልክ ላይ ይኑር። መንገድ ተዘግቶ ሌላ ሆስፒታል መግባት ግድ ሲሆን አዲሱ ሐኪም የሚያየው ያንን ብቻ ነው።

ገንዘቡንም ማንሳት አለብኝ። የማኅበረሰብ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ያለው ደቡብ አቸፈር ነበር። መድኑ የሚሠራው ግን በሪፈር መስመር ነው፤ ከጤና ጣቢያ ተነስቶ ደረጃውን ጠብቆ። የመድን ደብተሩ ካልታደሰ ወይም ሪፈሩ ካልተጻፈ ሙሉ ክፍያው በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። በሬ ሸጦ የታከመ ሰው ለክትትል ሁለተኛ በሬ የለውም፤ ስለዚህ የእድሳቱ ወቅት እንዳያልፋችሁ።

ከክትትሉ እኩል የማየው ኪኒኑን ነው። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ታካሚ ብዙ ጊዜ ቴኖፎቪር የሚባል መድኃኒት በቀን አንድ ይታዘዝለታል። ቫይረሱን ያስተኛል፣ የካንሰሩን መመለስ ይቀንሳል፤ ቫይረሱን ጨርሶ ስለማያጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። ደህና ነኝ ብሎ ማቆም ቫይረሱን ይቀሰቅሰዋል፤ ደካማ ጉበት ያንን ላይችለው ይችላል። ጸበል ገብቶ መድኃኒቱን የሚያቆም አለ። በኤች አይ ቪው ዘመን ይህ ጥያቄ ተነስቶ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለጉበትም ያው ነው። እኔ የምፈራው ጸበሉን ሳይሆን ቅጠሉን ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሰንሰልና ሌላም ሥር ተወቅጦ ይሰጣል። ምን ያህል እንደሚጠጣ የሚለካው የለም፤ ቆሻሻውን ሁሉ የሚያጣራው ደግሞ ያው የታመመው ጉበት ነው። ዓይን ቢጫ መሆን ለታከመ ሰው የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ምልክት ነው። ሆድ ማበጥ፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዐይነ ምድር፣ ትኩሳት፣ ቀን እያንቀላፉ ሌሊት መቃዠት፣ ለእነዚህም ቀጠሮ አይጠበቅም። ለወገብ ሕመም እየተባለ የሚወጋው ዲክሎፌናክም ለተጎዳ ጉበት ጠላት ነው፤ መድማትንና የኩላሊት ጉዳትን ያመጣል። መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ስለ ጉበታችሁ ተናገሩ።

አረቄን በሚመለከት የማለዝበው ነገር የለኝም። ለታከመ ጉበት ጥቂት የሚባል አረቄ የለም፤ ጠላም ጠጅም ቢራም ያው ነው። ችግሩ መጠጡ ብቻ ሳይሆን መጋበዙ ነው። በእኛ አገር እምቢ ያለ ሰው የናቀ ይመስላል። ስለዚህ ሥራው የታማሚው ሳይሆን የቤቱ ነው። አክስቴ ማኅበር ሲወጣ ለአጎቴ ብርዝና ቡና ለይታ ታቀርባለች፤ ሊያስገድዳቸው የሚነሳውንም «ተው ልጄ፣ ሐኪም ከልክሏቸዋል» ብላ ገና ብድግ ሳይል ታስቀምጠዋለች። ቡናው ደግሞ ይጠቅማል። ቡና በሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ እንደሚገኝ በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ግን በጨው ከሚጠጣው ይቆጠብ፤ ጨው ውኃውን ያበዛል።

ስለ በቆሎ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ቡሬም፣ ወንበርማም፣ ጃቢ ጠህናንም የበቆሎ አገር ናቸውና። እርጥበቱ ሳይወጣ ተፈልፍሎ ጎታ የገባ፣ ወይም ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ክምሩ ላይ የወረደበት በቆሎ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ብትጋግሩትም ብታፈሉትም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኬንያ ውስጥ በተለይ ማኩዌኒና ኪቱዊ በተባሉ አካባቢዎች የሻገተ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ 125ቱን ገድሏል። ያ መርዙ ባንዴ በብዛት ሲገባ ነው። ጥቂት በጥቂት ለዓመታት ሲገባ ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ጉበት ላይ ሲወርድ ደግሞ አንዱ ሌላውን እየረዳ አደጋውን ብዙ እጥፍ ያደርጉታል። ቻይና ውስጥ ቺዶንግ የሚባል የጉበት ካንሰር የበረታበት አውራጃ አለ። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ከበቆሎ ወደ ሩዝ ሲዞር በሰዉ ደም ውስጥ የሚገኘው መርዝ ቀነሰ፤ ክትባት ባልደረሰው ትውልድ ላይ እንኳ በጉበት ካንሰር የሚሞተው ሰው አነሰ።

በቆሎ ተዉ አልልም፤ ማን ሊተው? ማድረቁን ግን እናውቅበት። አጎቴ ቤት እህል ከመክተታችን በፊት ይህን እናደርጋለን፤ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምረን እንነቀንቃለን። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፤ ተመልሶ ሸራ ላይ ይሰጣል። ካልተለጠፈ አየር በማያስገባው ከረጢት ይከተታል። የሻገተው ፍሬ ተለቅሞ ይጣላል። «ለጠላ ይሁን» መባል የለበትም፣ «ለላም ይሁን»ም መባል የለበትም፤ ላሟ የበላችው መርዝ በወተቷ ይመጣል። በርበሬንም መሬት ላይ አታስጡት፤ የሚገዛችሁ ከተሜም ጉበት አለው።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራው ሥጋና ወተት መቅረቱን ነው፤ ያ ያን ያህል አያስጨንቅም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ጥሩ ምግብ ነው። የሚጎዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ነው። የተጎዳ ጉበት ስንቅ መያዝ አይችልም፤ ረጅም ሰዓት ሲጾም ሰውነት የገዛ ሥጋውን እየበላ ይከሳል። ስለዚህ ጠዋት መቅመስ፣ ማታም ከመተኛት በፊት አንድ ነገር መብላት ያስፈልጋል። አጎቴ ይህን ስላቸው አልሰሙኝም፤ የንስሐ አባታቸው «ሕመምተኛ ጾም አይያዝበትም፣ በጸሎት ይተኩት» ሲሏቸው ግን ተቀበሉ። ለበዓል ጥሬ ሥጋ ይቅርባቸው፤ ጉበቱ የደከመ ሰው ከጥሬ ሥጋ የሚመጣን ተሕዋስ የመከላከል አቅሙ አነስተኛ ነው።

የመጨረሻው ነገር እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ ነው። አንዳንድ ቤት የታከመው ሰው ሳህኑ ይለያል፣ ኩባያው ይለያል፣ ጉርሻውም ይቀርበታል። ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ እንጥል በሚቆረጥበት፣ ግግ በሚወጣበት፣ ዋግምት በሚደረግበት፣ ድድ በሚነቀስበት በአንዱ ምላጭና መርፌ ነው። የሕፃናት ክትባቱ አገራችን ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው የቤት ሰው አልተከተበም። ሚስት፣ ልጆችና ወንድሞች ይመርመሩ፤ ነጻ የሆነው ሦስቱን ክትባት ይጨርስ፤ የተገኘበት ክትትል ይጀምር። የአጎቴ የበኩር ልጅ ምንም ሕመም ሳይሰማው ነው የተገኘበት። ዕጢ የለውም፤ ጉበቱም ገና አልተኮማተረም። አሁን ሁለቱም ቀጠሯቸው በአንድ ቀን ነው፤ የግንቦት ልደታ ሲያልፍ አባትና ልጅ በአንድ መኪና ባሕር ዳር ይሄዳሉ።